ወገቧ ላይ የቀረው እጅ

ኅሩይ ከሥራ ሲገባ ጃኬቱን ሳያወልቅ መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ፕሪንተሩን ያበራል። ፕሪንተሩ ከአልጋው ራስጌ በተደፋ የፍራፍሬ ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ሲያጉረመርም፣ ሲንቋቋ፣ እንደገና ሲያጉረመርም ቆሞ ይጠብቀዋል። ከዚያ አንዲት የሙከራ ገጽ ያትማል፤ አንድ ጥቁር፣ አንድ ሰማያዊ፣ አንድ ቀይ፣ አንድ ቢጫ መስመር። መስመሮቹ ሳይቆራረጡ ከወጡ ገጹን አጥፎ መስኮቱ ሥር ከተከመሩት ጋር ያስቀምጣል። ከተቆራረጡ ቀለሙ የሚወጣበት ቀዳዳ ደርቋል ማለት ነውና እስኪጠራ ይደጋግማል። አሮጌ ፕሪንተር በየቀኑ ካልሠራ ይዘጋል። ይህን የነገረው ሰው የለም፤ ያስተማረው አዲስ አበባ ሳለ ስምንት ዓመት የሠራበት ማተሚያ ቤት ነው።

ክፍሉ ዙሪክ ዳር ባለችው ኦፕፊኮን ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ባለፈ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት ይርገበገባል። ኅሩይ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ቁርስ ያሰናዳል፤ ዳቦ ይቆርጣል፣ የቡናውን ማሽን ይሞላል፣ እንግዶች የተዉትን ሳህን ያነሣል። ስምንት ሰዓት ላይ ይወጣል። ዕድሜው ሠላሳ ስምንት ነው። የመኖሪያ ፈቃዱን ካገኘ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራውም፣ የጀርመንኛ ትምህርቱም፣ ያቺ ጠባብ ክፍልም ለአንድ ነገር ናቸው፤ ሚስቱን ሕብስትን ለማምጣት።

የተጋቡት በጥር 1997 ነው። በግንቦት ምርጫው መጣ፤ ኅሩይ በሰፈሩ የምርጫ ጣቢያ የተቃዋሚ ታዛቢ ሆኖ ተቀመጠ። ቆጠራው ሲያልቅ ወረቀቱ ላይ ፈረመ። ሌላ ያደረገው ነገር አልነበረም። በተከታዩ ጥቅምት ወጣት ሲታፈስ የደኅንነት ሰዎች እሱንም ፍለጋ ቤቱ ሄዱ። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሳለ ወሬው ቀድሞ ደረሰውና ወደ ቤቱ ሳይመለስ በመተማ ወጣ። ከዚያ ሱዳን፣ ሊቢያ፣ ባሕሩ፣ ጣልያን። መንገዱ ሁለት ዓመት ፈጀ።

እሱ ከወጣ በኋላም ሰዎቹ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በሦስተኛው «ፎቶውን አዘጋጅተሽ ጠብቂን፣ ነገ እንመጣለን» ብለዋት ሄዱ። ሕብስት ልብስ ሰፊ ናት። የዚያኑ ዕለት የሠርጉን አልበም አወጣችና በሥራ መቀሷ ባሏን ከአርባ ሁለት ፎቶግራፎች ላይ ቆርጣ አወጣችው። የትከሻውን መስመር ተከትላ፣ የአንገቱን ዙሪያ ሳትስት፣ ልክ ልብስ እንደምትቆርጠው ቆረጠችው። የተቆረጠውን ከሰል ማንደጃው ላይ ጨመረች፤ የሠርጉንም ቪዲዮ ክር ከካሴቱ መዝዛ በላዩ ጣለችው። ሰዎቹ በማግሥቱ አልመጡም። ከዚያ በኋላም አልመጡም።

በአንደኛው ፎቶ ላይ ግን መቀሷ ቆሟል። ኬኩን ከመቁረሳቸው በፊት የተነሡት ነው። ኅሩይ በቀኟ ቆሞ ግራ ክንዱን ከጀርባዋ አዙሮ እጁን ወዲያ ማዶ ወገቧ ላይ አሳርፏል። እጁን ለማውጣት ቬሎዋን መቁረጥ ነበረባት። ቬሎውን ደግሞ የሰፋችው ራሷ ናት፤ ሦስት ወር ፈጅቶባታል። ስለዚህ እጁን ተወችው። በፎቶው ላይ ሕብስት ፈገግ ብላለች፤ በቀኟ የሰው ቅርጽ ያለው ቀዳዳ አለ፤ በግራ ወገቧ ላይ አዲስ ቀለበት ያጠለቀ፣ ባለቤት የሌለው እጅ አለ።

የሕብስትን ማመልከቻ ከያዘው የስደተኞች መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የመጣው ከምርጫው ስድስት ዓመት በኋላ፣ በረዶው በሚቀልጥበት ወቅት ነበር። ኅሩይ ይዞት ጎረቤት ከተማ፣ ዲቤንዶርፍ፣ እትዬ ጸሐይነሽ ዘንድ ሄደ። እትዬ ጸሐይነሽ በደርግ ጊዜ ወጥተው ሃያ ስድስት ዓመት በሆስፒታል ወጥ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ፕሪንተሩንም የሰጡት እሳቸው ናቸው፣ ልጆቻቸው አዲስ ሲገዙላቸው።

«ምነው አንተው አታነበውም?» አሉት መነጽራቸውን እየፈለጉ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ጀርመንኛ ትምህርት ቤት ምን ስትሠራ ከረምክ?»

«እትዬ፣ የትምህርት ቤቱ ጀርመንኛና የደብዳቤው ጀርመንኛ አይተዋወቁም እኮ።»

«እሱስ እውነትህን ነው።» ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። «የሚዜህን የምስክርነት ደብዳቤ አይተነዋል ይላሉ። የወዳጅ ቃል ስለሆነ ብቻውን አይበቃም። ጋብቻው ከስደትህ በፊት መፈጸሙን የሚያሳዩ ፎቶግራፎች ካሉህ፣ ባሉበት ሁኔታ፣ በሃያ ቀን ውስጥ እንድትልክ። ካልሆነ በእጃችን ባለው እንወስናለን ነው የሚሉት።»

«እንወስናለን ማለት?»

«እንከለክላለን ማለት ነዋ፣ ልጄ። በስንት ቋንቋ ልንገርህ?»

ኅሩይ ያን ቀን ከደብዳቤው የያዘው «ሃያ ቀን» የሚለውን ነው። ሌላው ከጆሮው አልፎ ሄደ።

ሕብስት ፎቶውን ያነሣው ሰውዬ ሱቅ ሄዳ ጠየቀች። ሱቁ የሞባይል መጠገኛ ሆኗል፤ ፎቶ አንሺው የት እንደገባ፣ ነጋቲቦቹስ የት እንደተጣሉ የሚያውቅ አልተገኘም። በስምንተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ኅሩይ ባቡር ተሳፍሮ ጄኔቭ ወረደ። አንደኛ ሚዜው የነበረው ጴጥሮስ እዚያ ነው የሚኖረው፤ ሠርጉ ባለፈ በወሩ ለሥልጠና መጥቶ በዚያው ቀረ፤ ዛሬ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ሕንጻ ውስጥ ፖስታ ያድላል።

«ሙሽራው መጣ!» አለ በሩን ሲከፍት። ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላ ስም አልሰጠውም። «የዙሪክ ሰው ሰዓት ያከብራል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ሩብ ሰዓት አረፈድክ እኮ።»

«ባቡሩ ነው።»

«በል ተው፣ እዚህ አገር በባቡር ይሳበባል?»

ኮሪደሩ ላይ በፍሬም የተሰቀለ አንድ ፎቶ ነበር። ሠርጉ ዕለት ጠዋት፣ ሙሽራዋን ሊወስዱ ከመሄዳቸው በፊት፣ ኅሩይ ከአራት ሚዜዎቹ ጋር የተነሣው ነው። ጥቁር ሱፍ ለብሶ ሁለት እጆቹን ሆዱ ላይ አቆላልፎ ቆሟል። ሕብስት የለችበትም። ጴጥሮስ ፎቶውን ከግድግዳው አውርዶ ከፍሬሙ አወጣና ሰጠው።

«ይሄ ምን ያደርግልኛል?» አለ ኅሩይ። «ከወንዶች ጋር መቆሜን ነው የሚያሳየው።»

ጴጥሮስ ባዶውን ፍሬም ግድግዳው ላይ መልሶ ሰቀለ። «አንተ ማተሚያ ቤት አልነበርክም እንዴ?» አለ በመጨረሻ። «እሷ ያለ አንተ አለች። አንተ ያለ እሷ አለህ። ግጠመዋ።»

«ማጭበርበር ነው እሱ።»

«አልተጋባችሁም? እኔ ታዲያ ያን ቀን ጫማ እግሬን ልጦኝ ሳነክስ የዋልኩት የማን ሠርግ ላይ ነው? የነበረውን ነው እኮ የምትመልሰው።»

ኅሩይ ፎቶውን በመጽሔት መካከል አድርጎ ተመለሰ። ባቡሩ ሎዛን እስኪደርስ ነገሩ ማጭበርበር ነበር። በርን ከተማ ሲደርስ ጥገና ሆነ። ዙሪክ ሲወርድ የሚያስበው ስለ ወረቀቱ ብቻ ነበር።

በኮምፒውተር መግጠሙ አላስጨነቀውም፤ ሕብስት የተቆረጡትን ፎቶዎች ኢንተርኔት ቤት ስካን አስደርጋ ከላከችለት ቆይታለች። ያስጨነቀው ወረቀቱ ነው። ሥዕል ዓይንን ያታልላል፤ እጅን የሚያታልለው ወረቀት ነው፤ ፎቶውን የሚቀበለው ሰው ደግሞ በእጁ ይዞ ያገላብጠዋል። ጴጥሮስ የሰጠውን ፎቶ በጥፍሩ ጀርባ ዳሰሰው። ፊቱ እንደ እንቁላል ቅርፊት፣ ጥቃቅን እህል የመሰለ ሻካራነት ነበረው። ጠርዙን ይዞ ጆሮው አጠገብ አንቀጨለጨለው፤ ድምፁ ደረቅና ወፍራም ነው። ገለበጠው፤ ጀርባው ላይ አተኩረው ካላዩዋቸው በስተቀር የማይታዩ ግራጫ ፊደሎች በአግድም ተደርድረዋል። ይህን የመሰለ ወረቀት ለቤት ፕሪንተር መገኘት አለበት።

ከሥራ በኋላ ዙሪክ መሐል ወዳለው ትልቅ የኤሌክትሮኒክስ መደብር መመላለስ ጀመረ። የፎቶ ወረቀቱ መደርደሪያ ከእሱ ቁመት ይበልጣል። ሻጯ በሦስተኛው ቀን አወቀችው፤ የተከፈቱ ናሙናዎች አውጥታ ሰጠችው። ኅሩይ ጣቱን በምላሱ አርሶ የእያንዳንዱን ጥግ ነካ፤ ጣት ላይ ሙጭጭ የሚለው ቀለም የሚቀበለው ፊት ነው። ሻጯ ፊቷን አጨፈገገች፣ አልከለከለችውም።

መጀመሪያ የወሰደው ግሎሲውን ነው። እንደ መስታወት ያበራል። ግን ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ጋደል ሲያደርገው ቀለም የበዛበት ቦታ ብርሃኑን ቆረጠው፤ የገጠመበት መስመር በኅሩይ ትከሻ ዙሪያ እንደ ቀንድ አውጣ ዱካ ታየ። ሁለተኛው ማት ነው። እሱ ደግሞ አያበራም፣ ምንም አይደብቅም፤ ጥቁሩ ሱፍ አመድ ሆነ፣ የመቀሱ ጠርዝ አንድ በአንድ ተቆጠረ። ማቱን ወረወረው። ሦስተኛው በሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ ገር ብርሃን አለው፣ እህል አለው፣ ክብደቱ ለጣት ይበቃል፣ ጀርባው ነጭ ነው። በፕሪንተሩ ዝርዝር ላይ የወረቀቱን ዓይነት ሳይለውጥ አትሞ ሁለት ቅጠል አበላሸ፤ ቀለሙ ኩሬ ሠርቶ ቀረ። ለወጠው። አራተኛው ቅጠል ሲወጣ ኅሩይ እስኪደርቅ አልነካውም። እጁን ከኋላው አጣምሮ ዙሪያውን ዞረ።

ጥሩ ነበር። ሙያ ያለው ሰው ሥራ ነበር። እህሉ የመገጣጠሚያውን መስመር ውጦታል። ሙሽራውና ሙሽራዋ ጎን ለጎን ቆመዋል።

ከዚያ እጆቹን ቆጠረ። ሙሽራው ሁለት እጆቹን ሆዱ ላይ አቆላልፏል። ሙሽራዋ ወገብ ላይ ሌላ እጅ አለ። ሙሽራው ሦስት እጅ አለው።

የጠዋቱን ፎቶ እጆች መንቀል አልቻለም፤ ከሱፉ ጋር የተያያዙ ናቸው። የሚወጣው የወገቡ እጅ ነው። ከቬሎው ሌላ ጎን ነጭ ጨርቅ ቀድቶ አለበሰው፤ መጀመሪያ አውራ ጣቱን፣ ቀጥሎ ቀለበቱን፣ ቀጥሎ የቀረውን። ሁሉም ተደምሮ አንድ ሩብ ሰዓት አልሞላም። እንደገና አተመ። ጥጎቹን በአውራ ጣቱ ትንሽ አሸ፤ ጥቂት ቀን መስኮቱ ላይ ፀሐይ አስነካው። በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ከሥራ ሲወጣ ፖስታ ቤት ገባና ተቀባዩ የሚፈርምበትን፣ እዚያ አይንሽራይበን የሚሉትን ዓይነት ፖስታ ላከ። የደረሰኙን ቁጥር ኪሱ ውስጥ በእጁ ጨብጦ ወደ ቤቱ በእግሩ ሄደ። ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ቀን ቀሎት አያውቅም።

ለሕብስትም በኢሜይል ላከላት። ማክሰኞ ከሥራ እንደገባ ስልኩ ጮኸ፤ ኢንተርኔት ቤት ሆና ነው የደወለችው። ፕሪንተሩን ሳያበራ አነሣው።

«አየሽው?»

«አየሁት።»

«እና?»

«ቆንጆ ነው። በጣም ቆንጆ ነው። እጅህስ?»

«የቱ እጄ?»

«ወገቤ ላይ ያለው ነዋ። የት ሄደ?»

«አጠፋሁት። ሦስት እጅ ሆነብኝ እኮ፤ ሊሥቁብን ነው?»

«ኅሩዬ፣ አምስት ዓመት ተኩል ባሌ ብዬ የማየው እሱን ነው። ሌላ ምን ቀረኝ?»

ከወዲያ በኩል የሰው ጫጫታ፣ የታክሲ ረዳት ጥሪ ይሰማል።

«ልትልከው ነው እንዴ?» አለች።

«ትናንት ላክሁት።»

«ትናንት?»

«ደርሷቸዋል። ዛሬ ጠዋት ፈርመዋል፤ በኢንተርኔት አይቼዋለሁ።»

«እኔ እኮ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ባለፈው ኤምባሲ ጠርተው ሲጠይቁኝ። አንድ ላይ የተነሣችሁት ፎቶ የለም ወይ አሉኝ። የለም፣ እኔው ነኝ የቆረጥኩት አልኳቸው። እንዴት እንደቆረጥኩ፣ በምን መቀስ፣ የት እንዳቃጠልኩ ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። እጅህ መቅረቱን ሳይቀር። ሴትየዋ ቁጭ ብላ ጻፈችው።»

«ሠርጉን ጠየቁኝ ብቻ ነበር ያልሽኝ!»

«ምን ብዬ ልንገርህ? ስለ መቀሱ አውርተን እናውቃለን? አንድ ቀን እንኳ አንተ አንሥተህ ታውቃለህ?»

አላነሣም። እሱ እንዳታፍር ብሎ ዝም አለ፤ እሷ እንዳይከፋው ብላ ዝም አለች። የተቆረጡትን ፎቶዎች ስትልክለት እንኳ «ደረሰኝ» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልጻፈላትም ነበር።

ስልኩ ሲዘጋ ደብዳቤውን አውጥቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እትዬ ጸሐይነሽ «ባሉበት ሁኔታ» ብለው ያነበቡለትን መስመር ፈልጎ አገኘው። እዚያው ነበር። ሰዎቹ መቀሱን ያውቁ ነበር፤ የጠየቁትም የተቆረጡትን ነው። እሱ ደግሞ ያልተቆረጠ ላከላቸው።

ዲቤንዶርፍ ሲደርስ ገና አልመሸም። እትዬ ጸሐይነሽ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«አንተ ልጅ፣ ያን ፕሪንተር የሰጠሁህ ለዚህ ነው?»

«ምን ይሻለኛል፣ እትዬ?»

«እኔ ምን አውቄ። ዝም ብትልስ? ያ ሁሉ ሙያህ ከንቱ ካልሆነ ላይነቁብህ ይችላሉ። አንዱ አልበም ውስጥ ተሰንቅሮ ቆይቶ ተገኘ ትላለህ።»

ኅሩይ ራሱን ነቀነቀ። «እሷ አርባ ሁለቱንም ቆርጫለሁ ብላለች። የእኔን ካመኑ እሷ ዋሽታለች ማለት ነው። ከነቁብኝ ደግሞ ሁለታችንም።»

«ከተናገርክስ?»

«እኔ ብቻ።»

እሳቸው ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ። «ፈቃድህንም ሊነኩብህ ይችላሉ፤ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«በል እንግዲያ ከዚያ መሳቢያ ወረቀት አውጣ።»

ደብዳቤው አጭር ሆነ። ሰኞ የተላከው ፎቶ በእኔ በኅሩይ እጅ ከሁለት ፎቶዎች የተገጠመ ነው፤ ባለቤቴ አታውቅም ነበር። እውነተኛው ከዚህ ጋር ተያይዟል። ዋናው በእሷ ዘንድ ስላለ ስትጠየቅ ታቀርባለች። እትዬ ጸሐይነሽ «ይቅርታ» የሚል ቃል ሊጨምሩበት ፈለጉና አሰቡበት፣ ከዚያም ጨመሩበት።

ረቡዕ ኅሩይ ከሥራ ገባ፤ ጃኬቱን ሳያወልቅ ፕሪንተሩን አበራ። ማክሰኞ ስላላበራው ቢጫው መስመር ሦስት ቦታ ተቆርጦ ወጣ። ደገመው። በአምስተኛው ገጽ ጠራ።

የቀሩት የወረቀት ዓይነቶች ሦስት ናቸው። ግሎሲው ላይ የተቆረጠው ፎቶ ቀዳዳ የመስኮቱን ብርሃን እየመለሰ ምንም አያሳይም። የተመሰገነው መካከለኛው እህሉ የመቀሱን ጠርዝ ይውጠዋል፤ የመገጣጠሚያውን መስመር እንዳጠፋው ይህንንም ያጠፋዋል። የወረወረውን ማት ከአልጋው ሥር ጎትቶ አወጣ። ማቱን የተወው ጥቁሩን ሱፍ አመድ ስለሚያደርገው ነበር። አሁን ሱፍ የለም።

ፎቶው ቀስ እያለ ወጣ፤ መጀመሪያ የሕብስት አክሊል፣ ቀጥሎ ፈገግታዋ፣ ቀጥሎ በጎኗ ያለው ነጭ ባዶ። የመቀሱ መንገድ ከትከሻው ጀምሮ ግልጥ ብሎ ይታያል፤ አንገቱ ዙሪያ ላይ መቀሱ አንድ ጊዜ ቆሞ እንደገና መጀመሩ እንኳ ይታያል። እስከ ዛሬ አላየውም ነበር። በመጨረሻ እጁ ወጣ። ኅሩይ ቀለሙ እስኪደርቅ ቆሞ ጠበቀ፤ ከዚያ የራሱን ግራ እጅ አጠገቡ ዘርግቶ አየ። ቀለበቱ ሊቢያ ውስጥ ተሸጧል። በጣቱ ላይ ምልክቱም የለም።

ፎቶውንና ደብዳቤውን በካርቶን መካከል አድርጎ አሸገና ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ ደረሰ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት የሰኞዋ ናት፤ ያው አድራሻ መሆኑን አይታ ቀና ብላ አየችው፣ ምንም ሳትል ማኅተሙን መታች።

የመጀመሪያው ፖስታ ማክሰኞ ጠዋት ተቀባዩ ፈርሞበታል። ሁለተኛው ሐሙስ፣ በሃያኛው ቀን፣ ከቀትር በፊት ይደርሳል።